ከእማዬ ጨርቆች መሀል የተቀዳ

ጥቅምት 9

እትዬ፣

ማተሚያ ቤቱ ሰኞ ዕለት ተዘጋ።

ከሰላምታ በፊት ወሬውን ያስቀደምኩት ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው። ይህ ደብዳቤ በደህና ውለሽ በደህና አምሽተሽ ያግኝሽ። እኔም እማዬም ጤና ነን። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ሁላችንንም ተራ በተራ ጨበጠንና ቆለፈው። የመጨረሻ ደመወዜን መክፈል ስላልቻለ ገጽ የማቀናብርበትን አሮጌ ኮምፒውተር ውሰድ አለኝ። ተሸክሜው ስገባ እማዬ "ደመወዝህን ነው ሥራህን የተሸከምከው?" አለችኝ። ሁለቱንም አልኳት።

አሁን ሳትስቂ አንብቢ። ቪዲዮ ልሠራ ነው። ጌም እየተጫወትኩ፣ ስክሪኑ ላይ የሚሆነውን እየቀዳሁ፣ በላዩ ላይ አወራለሁ። ከዚያ ቻናል ከፍቼ እለቅቀዋለሁ። ተመልካች ሲበዛ ማስታወቂያ ይገባበታል፤ ከማስታወቂያው ይከፈለኛል። ሌላ ሰው ሲጫወት ማን ያያል እንዳትይኝ። ኳስስ የምናየው ራሳችን እየተጫወትን ነው እንዴ?

የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። ኮምፒውተሩ አዳዲሶቹን ስለማይችል አንድ የቆየ የጭነት መኪና ጌም ጭኜበታለሁ፤ ዕቃ ጭኖ ከከተማ ከተማ መንዳት ነው። መቅጃው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ማይክ ስለሌለኝ የስልኬን ማዳመጫ በልብስ መቆንጠጫ ሸሚዜ ላይ ይዤዋለሁ። ክፍልም አግኝቻለሁ። ሳሎን ውስጥ ሳወራ ግድግዳው ቃሌን ይመልስብኛል። የእማዬ መስፊያ ክፍል ግን የደንበኛ ልብስ ከዳር እስከ ዳር ተሰቅሎ ስለሚውል ድምፁን ውጦ ያስቀረዋል። በኮትና በቀሚስ መሀል ጠረጴዛ አስገብቼ ተቀምጫለሁ። ችግሩ እማዬም እዚያው መሆኗ ነው፤ የስፌት መኪናዋም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ያቺ አሠሪሽ ሴትዮ በሚያዝያ ለሁለት ዓመት ላስፈርምሽ ያለችሽን ወረቀት አትፈርሚ። እስከዚያ እኔ ገቢ ይኖረኛል። የሰው አገር ይበቃሻል፤ ቤትሽ ግቢ። ከቻልሽ ደግሞ ደህና ማይክ ላኪልኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 27

ለፍላፊው ወንድሜ፣

አንተንም እማዬንም ክፉ አይንካብኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ የምንከባከባቸው ሽማግሌም ደህና ናቸው። ትናንት ገላቸውን ሳጥባቸው ዘፈኑልኝ። እንቅልፋቸው እንደ ወፍ ስለሆነ ሴት ልጃቸው ቤት ውስጥ ስልክ ማውራት ከልክላለች። ስለዚህ የምደውለው በዕረፍት ቀኔ ብቻ ነው። በስልኩ ደብዳቤ መጻፍ ግን ድምፅ የለውም።

ስለ ሥራህ አዘንኩ። ብዙ አልልም፤ ማዘኔን ታውቃለህ።

ቪዲዮህን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ቆሜ አየሁት። እውነቱን ልንገርህ? እንደ ሎተሪ አዟሪ ነው የምትጮኸው። "ሰላም ቤተሰብ! እንዴት ናችሁ ቤተሰብ!" የማን ቤተሰብ? ቤተሰብህ እኔና እማዬ ነን፤ እኛ ላይ ደግሞ እንዲህ ጮኸህ አታውቅም። ከዚያ መኪናህ መንገድ ስቶ ቦይ ውስጥ ሲገባ ጭጭ አልክ። ሰው ምን ሊል ነው ብሎ ጆሮውን የሚያቆመው እኮ ያን ጊዜ ነበር። ለእኔ እንደምታወራው አውራ። የምታወራው ሲኖርህ ማይኩን እልካለሁ።

የወደድኩት ነገር ግን አለ። ከኋላህ የእማዬን መኪና ሰማሁ። የሱሪ ጎን እየሰፋች ነበር። ሳታቋርጥ ረጅም ስለምትሄድ አወቅኩት። ኮሌታ ቢሆን ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ጨርቁን ታዞራለች። መጨረሻ ላይ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ጣል ስታደርግ ቤት የገባሁ መሰለኝ፤ የያዝኩትን አንሶላ እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። ያን ድምፅ እንዳታወጣው።

ሴትዮዋ ስለ ወረቀቱ ጠይቃኛለች። ወንድሜ አንድ ነገር ጀምሯል፣ የእሱን ልየው አልኳት። እጅህን አጠንክር።

እህትህ


ኅዳር 19

እትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ስለ ሎተሪ አዟሪው አኩርፌሽ ነበር፤ አሁን ታርቄሻለሁ።

እንዳልሽው አደረግኩ። መቅጃውን ከፍቼ "ቤተሰብ" ማለቱን ተውኩና "እትዬ፣ ዛሬ ሲሚንቶ ጭነናል፤ ዝናብም ጥሏል" ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ አፌ አልተያዘም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲለኝ "እትዬ አለቀልኝ! እትዬ ድረሽ!" ብያለሁ። ከእማዬ፣ ከአንቺና ከእኔ በቀር ማንም የማያየው ቻናል አሁን ሰው ይመጣበት ጀመር። "እትዬ ማን ናት?" ይላሉ። አንዱ ደግሞ "ከኋላ የሚሰማው የስፌት መኪና ነው? አታጥፋው፤ ከሱ ጋር ነው የምሠራው" ብሎ ጽፏል።

ችግሩም አብሮ አለ። ኮምፒውተሩ እንደ ምድጃ ይግላል። ሽፋኑን ነቅዬ ማራገቢያ ባቆምበት ማራገቢያው ማይኩ ውስጥ እንደ አውሮፕላን ይገባል። ስለዚህ አንድ ጭነት አድርሼ አጠፋዋለሁ፤ ሲበርድ እቀጥላለሁ። መብራት ሲሄድ የቀዳሁት ሁሉ ይጠፋብኝ ነበር፤ አሁን በአጭር በአጭሩ ነው የምቀዳው። ትንፋሼ እንዳይገባ ማይኩን ካልሲ አለበስኩት። እማዬ አየችውና "እግር የለው፣ ምን ያደርግለታል?" አለች።

እሷ ራሷ ቪዲዮው ውስጥ ገብታለች። እየነዳሁ ሳለ ከኋላዬ ትከሻዬ ላይ ዘንበል ብላ፣

"ይሄ ሹፌር ግን ምሳ አይበላም?" አለች።

"እማዬ፣ ጌም እኮ ነው።"

"ጌምስ ቢሆን? ከጠዋት ጀምሮ መሪ ላይ ነው። አውርደው።"

ቆርጬ ላወጣው ብዬ ተውኩት። ሰዉ ሁሉ የጻፈው ስለሱ ነው። አሁን በየቪዲዮው "ሹፌሩ በላ?" ይሉኛል።

የሚከፈለኝ ገና ነው፤ የተመልካቹ ቁጥር የተወሰነ መጠን መድረስ አለበት። ግን እየሄደ ነው። እትዬ፣ ቃሌን እንዳትረሺ። አትፈርሚ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 15

ለፍላፊው፣

ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ አስቀህ ልትገድለኝ ነበር። "አውርደው" ስትል አፌን በፎጣ አፍኜ ሳቅኩ፤ ሽማግሌው ነቅተው "ማነው የሚያለቅሰው?" አሉ።

ማይኩን ገዝቻለሁ። እዚህ ሠፈር የምትሠራ ልጅ ወደ አገር ቤት ስለምትመጣ በእሷ ልኬዋለሁ፤ በሣጥኑ ውስጥ የእማዬ መነጽርም አለ። ውድ አይደለም፤ ሻጩ ለጀማሪ ይበቃል ብሎኛል። ካልሲውን ግን አውልቅለት።

ሌላው ወሬ ይኸውልህ። ለሴትዮዋ አልፈርምም አልኳት። እሑድ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ሻይ ስትጠጣ "እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ሠርቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ" አልኳት። ኩባያውን አስቀምጣ "እርግጠኛ ነሽ?" አለች። አዎ አልኳት። ሌላ ሠራተኛ መፈለግ ጀምራለች። እኔም ሻንጣ ገዛሁ፤ አልጋዬ ሥር ባዶውን ተቀምጧል። ማታ ማታ እግሬ ሲነካው ደስ ይለኛል።

እማዬ ስመጣ የሚሆነኝን ጨርቅ ከአሁኑ ትምረጥ። ቀጥ ያለ፣ ኪስ ያለው ቀሚስ። ኪሱን እንዳትረሳ በልልኝ።

እህትህ


የካቲት 8

እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ማይኩም መነጽሩም ደርሰዋል። ማይኩ ግሩም ነው፤ ምራቄን ስውጥ ሳይቀር ይሰማል። እማዬ ደህና ናት፤ እሷም ሥራ በዝቶባታል። የስልካችን ካሜራ ስለተበላሸ በዕረፍትሽ ስትደውዪ በድምፅ ብቻ ይሁን። የምትልኪውን በዚህ ወር ትንሽ ጨመር አድርጊበት፤ ለኮምፒውተሩ የሚገዛ ዕቃ አለ።

እማዬ ትስምሻለች።

ወንድምሽ


የካቲት 21

ወንድሜ፣

ሰላም ለቤታችን ይሁን። የጠየቅከውን ልኬያለሁ።

"የሚገዛ ዕቃ" ማለት ምን ማለት ነው? ማይኩን ካልሲ ማልበሱን እንኳ ያልደበቅከኝ ሰው ዛሬ ዕቃው ስም አጣ? ጥርን ሙሉ ስለ ጨርቁ መልስ ጠበቅኩ፤ አልነገርከኝም። እሑድ እማዬን ስጠይቃት "ጨርቅ ሞልቷል፣ ምን ያስቸኩልሻል" ብላ ወሬ ለወጠችብኝ። እማዬ ጨርቅ መምረጥ ጠልታ አታውቅም።

ቪዲዮዎችህን ሁሉ አያለሁ። እዚያ ውስጥ ትስቃለህ። እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ግን አልሳቅክም። የትኛው ነህ አንተ?

እህትህ


መጋቢት 11

እትዬ፣

ጤናሽን እመኛለሁ። ለመጻፍ ደጋግሜ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ።

ቻናሉ ቆሟል። የሚከፈልበት ቁጥር ላይ ለመድረስ የቀረኝ ገና ብዙ ነው፤ በዚህ አካሄድ በሚያዝያ ቀርቶ በሚመጣው ዓመትም አልደርስም። በቀን አንድ ቪዲዮ ብለቅም ለውጥ የለም። ሥራ ፍለጋም ያልገባሁበት የለም። ሌላኛው ማተሚያ ቤት ራሱ ሰው እየቀነሰ ነው። ሲሚንቶ መጋዘን ሄጄ ስምህን ጻፍ አሉኝ፤ ከእኔ በፊት የተጻፈውን ስም ገልጬ ገልጬ አልጨረስኩትም። በጌሙ ስንት ሲሚንቶ አድርሻለሁ፤ በእውነቱ ግን አንድ ከረጢት የሚያሸክመኝ አጣሁ።

እና አስቤ አስቤ፣ እትዬ፣ ወረቀቱን ብትፈርሚስ? ሁለት ዓመት ምን አላት? እንደ ዓይን ጥቅሻ ነው የምታልፈው። ሴትዮዋም ክፉ አይደለችም ብለሽኛል። ሌላ ሰው ሳትቀጥር ቶሎ ንገሪያት። እባክሽ እንዳትቆጪኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 14

ወንድሜ፣

ዛሬ ሰላምታውን አልፌዋለሁ።

አትፈርሚ ያልከው አንተ ነህ። ፈርሚ የምትለውም አንተ ነህ። ተመልካች ስለጠፋ ነው እንዳትለኝ፤ ተመልካች ስላጣህ እህትህን የምትሸጥ ሰው አይደለህም።

ትናንት በዕረፍቴ ቁጭ ብዬ የቅርብ ቪዲዮዎችህን አከታትዬ አየሁ። አንተን አልሰማሁም፤ ከኋላህ ያለውን ነው የሰማሁት። እማዬ ረጅም ትሄዳለች። ክሩ ይበጠስባታል። "ኤጭ" ትላለች። ክሩን አስገብታ ትቀጥላለች፤ ከዚያ መቀሷን ትጥላለች። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ረጅም ትሄዳለች፣ ክሩ ይበጠሳል፣ "ኤጭ"፣ መቀሱ ይወድቃል። በሚቀጥለው ቪዲዮም ያው ነው። በሚቀጥለውም። አንተ ወንዝ ትሻገራለህ፣ ተራራ ትወጣለህ፣ ይመሽብሃል፣ ይነጋልሃል፤ እናቴ ግን ከጥር ጀምሮ አንዲት ሱሪ መጨረስ አቅቷታል።

ድምፁን ከአሮጌ ቪዲዮ ቆርጠህ ነው የለጠፍከው። የማን ልጅ መሆኔን ረሳህ? እኔ በዚያ ድምፅ ነው ያደግኩት። ተኝቼ ሳለሁ የምትሰፋው ሱሪ ይሁን ቀሚስ እነግርህ አልነበር?

እማዬ እንዳለች አውቃለሁ፤ እሑድ አውርቻታለሁ። ካሜራው እንዳልተበላሸም አሁን ገብቶኛል። በስልክ የማይሰማ፣ በዓይን ብቻ የሚታይ ነገር ነው የደበቃችሁኝ። ምን ሆነች? ለጎረቤት እንዳልደውል፤ በሰው አፍ እንዳልሰማው። ዛሬውኑ ጻፍልኝ።

እህትህ


መጋቢት 15

እትዬ፣

የእማዬ ቀኝ እጅ አይሠራም።

በጥር መጀመሪያ መቀሱ ከእጇ ይወድቅ ጀመር። ብርድ ነው አለች፤ በሞቀ ውኃ ነከረችው። ቀጥሎ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት፤ ዓይኔ ነው፣ የመጣው መነጽር ያስተካክለዋል ብላ ተጽናናች። አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ እየሰፋች እጇ ጨርቁን መያዙን ተወ፤ እግሯ ግን መርገጡን አላቆመም። ጨርቁ ተጎትቶ ገብቶ ተቀደደ። ቀሚሱን እኔ መለስኩ። የቀሚሱ ባለቤት መንገድ ላይ የሰደበችኝን አልነግርሽም። ደንበኛው ሁሉ ይህን ሰምቶ ተራ በተራ እየመጣ ልብሱን ወሰደ። ክፍሉ ባዶ ሆነ፤ አሁን ሳወራ ግድግዳው ይመልስብኛል። ብርድ ልብሶቻችንንና አንቺ ትተሽ የሄድሻቸውን ልብሶች ሰቅዬ ነው የምቀዳው።

ሐኪሙ አንገቷ ላይ ነርቭ ተጫኗል፣ በቀዶ ጥገና መለቀቅ አለበት አለ። ሚያዝያን ካሳለፍነው እጇ እንደዚሁ ይቀራል። "ለኮምፒውተሩ" ብዬ ያስላክሁሽ ለምርመራው ነው። ለቀዶ ጥገናው የሚሆን ግን የለንም። የስፌት መኪናውን ልሽጠው ብላት "እኔን አብረህ ሽጠኝ" አለችኝ።

እንዳልነግርሽ ያስማለችኝ እሷ ናት። "ከሰማች ሥራዋን ጥላ በባዶ እጇ ትመጣለች" ብላ። ድምፁን ግን እኔ ነኝ የለጠፍኩት። እንዳታወጣው ብለሽኝ ነበርና ሲጠፋ ትጠይቂያለሽ ብዬ ፈራሁ። ከጥሩው ቪዲዮ ላይ ቆረጥኩት። ክሩ መበጠሱን እንኳ ልብ አላልኩም ነበር።

አንድ ቀን ማዳመጫው ተነቅሎ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ወጣ። እማዬ ከመኪናው ጎን ወንበሯ ላይ ነበረች፤ ሥራ ባይኖርም እዚያው ነው የምትውለው።

"ማናት የምትሰፋው?" አለች።

"አንቺ ነሽ፣ እማዬ።"

እስከ መጨረሻው አዳመጠች። "ጎበዝ ነበረች" አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ዛሬ ደብዳቤሽን አነበብኩላት። አልተቆጣችም። "በል ጻፍላት" አለች። "አትፈርም በላት። በዚህ እጅ ሰፍቼ ጠግቤአለሁ፤ ልጄን ግን አልጠገብኩም።" እኔ ግን በእሷ አልስማማም። የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅታት አያለሁ፤ አንቺ አላየሽም። በግራ እጇ ስትበላ ሰው እንዳያያት ፊቷን ታዞራለች። እትዬ፣ እንድትፈርሚ ለመንኩሽ፤ አሁንም የምለምንሽ እሱኑ ነው። የምሸሽበት ሌላ በር አላየሁም። ቪዲዮ ይህን በር ይከፍትልኛል ብዬ ነበር። አልከፈተም።

ወንድምሽ


መጋቢት 19

ወንድሜ፣

ለአንተም ለእማዬም ብርታት ይስጣችሁ። ተቀይሜሃለሁ፤ ግን የቅያሜው ጊዜ አሁን አይደለም።

ደብዳቤህን ሽማግሌው አጠገብ ሆኜ አነበብኩት። አነበብኩና ቁርሳቸውን አበላኋቸው። ማንኪያውን ወደ አፋቸው ሳደርስ እማዬን ማን ያበላታል ብዬ አሰብኩ። የሰው አባት እጅ ሆኜ ስኖር የእናቴ እጅ ቤቷ ውስጥ ሞተ። ይህን ለማንም አትንገር፤ ለእሷም።

ማታ ሴትዮዋን አናገርኳት። አዲሷ ሠራተኛ ተገኝታለች፤ ግን ገና አልተዋዋሉም። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ሰማችኝና እንዲህ አለች፦ ከፈረምኩ የቀዶ ጥገናውን ወጪ በሙሉ ከደመወዜ በሚቆረጥ አስቀድማ ትሰጠኛለች። በሁለቱ ዓመት መሀል ግን ፈቃድ የለም፤ አባቴን ለአጭር ጊዜ ለሚመጣ ሰው አልተውም አለች። ካልፈረምኩ ትኬቴን ትቆርጥልኛለች፤ የምመጣው ያለኝን ይዤ ብቻ ነው፤ ያለኝ ደግሞ ለሐኪሙ እንደማይበቃ አንተ ታውቃለህ። ከፈረምኩ እጇ ይድናል፣ እኔ አላያትም። ካልፈረምኩ አያታለሁ፣ እጇ አይድንም። አዙሬ አዙሬ አየሁት፤ ሌላ ፊት የለውም።

አንተ ፈርሚ ትላለህ። እሷ አትፈርሚ ትላለች። ሁለታችሁም ስለ እኔ ተነጋግራችሁ ጨርሳችኋል፤ እኔ ግን ያን እጅ እንኳ አላየሁትም። ባላየሁት ነገር አልፈርምም፤ ባላየሁት ነገር እምቢም አልልም።

ስለዚህ ስማኝ። ረቡዕ ከሰዓት ሴትዮዋ ሽማግሌውን ለምርመራ ይዛቸው ስለምትወጣ ቤቱ ለእኔ ብቻ ነው። በምስል እደውላለሁ። እማዬን አስቀምጣት፤ እጇን ጠረጴዛው ላይ ታድርገው፤ ነጠላም ጨርቅም አትጣልበት። አንተ ስልኩን ያዝና ዝም በል፤ አንዲት ቃል አትጨምር። እኔና እሷ እንነጋገራለን።

ሴትዮዋ መልሴን የምትፈልገው ሐሙስ ጠዋት ነው።

እህትህ